አስራ ዘጠነኛው ስህተት

ከዲሮ ቪዲዮውን መጀመሪያ ያየው በሰው ስልክ ነው። አሰላ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ዲሽና ቴሌቪዥን የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ከጎኑ ደግሞ ሙንተሲር የሚባል ጎረምሳ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ረፋዱን፣ ዝናቡ መንገዱን ሰው አልባ አድርጎት ሳለ፣ ሙንተሲር ስልኩን ይዞ እየሳቀ ገባ።

«ጋሽ ከዲሮ፣ ድሮ አዲስ አበባ ‹ግቢ ቁጥር 17› ላይ ሠርቻለሁ ብለውኝ አልነበር? ጉዳችሁ ወጣ!»

እውነት ነው፣ ሠርቷል። ‹ግቢ ቁጥር 17› ከሃያ አራት ዓመት በፊት እሁድ እሁድ በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነው። ደምመላሽ የሚባል ንፉግ አከራይ በአንድ ግቢ ካሉ ተከራዮቹ ጋር ሲነታረክ የሚውልበት። ከዲሮ ተዋናይ አልነበረም። ኬብል ይዘረጋል፣ የመብራት ማቆሚያ ይሸከማል፣ «እዚህ ያዘው» ሲባል ይዞ ይቆማል። ስሙ በድራማው መጨረሻ ከሚያልፉት ስሞች መካከል አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም።

ሙንተሲር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሆዱ ተከፍቶ በተቀመጠ ሪሲቨር አስደግፎ ከፈተው። ቪዲዮውን የሠራው እዮኤል የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። «በግቢ ቁጥር 17 ውስጥ ያላያችኋቸው 25 ስህተቶች» ይላል ርዕሱ። ሦስት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል።

መጀመሪያ ከዲሮም ሳቀ። ደምመላሽ ወድቆ እጁ በጄሶ በታሰረበት ክፍል፣ ጄሶው በአንድ ጠብ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል።

«ይሄማ ከምሳ ስንመለስ ነው» አለ ከዲሮ። «ሰውየው እጁን ሊታጠብ ጄሶውን አወለቀና፣ ሲመለስ በሌላው እጁ አጠለቀው። ማታ ቤቱ ገብቶ ነው ትዝ ያለው።»

የግድግዳው ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አራት ከሩብ ላይ ቆሟል።

«ባትሪውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ማይክ ውስጥ እየገባ አስቸገረን።»

የአንዷ ተከራይ ልጅ በሦስተኛው ክፍል ማርታ ትባላለች፣ በዘጠነኛው ምህረት። ብርጭቆ ውስጥ ያለ ሻይ ይጎድላል፣ ይሞላል፣ ደግሞ ይጎድላል። «ልጁ ቁርስ ሳይበላ ነበር የሚመጣው» አለ ከዲሮ። «አክሽን በተባለ ቁጥር የምሩን ይጠጣዋል።»

ሙንተሲር ለየስህተቱ ምክንያት ሲያገኝ ደስ ብሎት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ከዲሮንም ሞቅ አለው። አፍ አፉን እያየ የሚያዳምጠው ሰው ካገኘ ቆይቷል።

አስራ ዘጠነኛው ላይ ደረሱ። ክፍል ሠላሳ አንድ። ደምመላሽ አንዷን ተከራዩን ኬክ ቤት ወስዶ ላግባሽ ይላታል። ከኋላቸው ባለው ጠረጴዛ ቢጫ ሹራብ የለበሰች ወጣት ብቻዋን ተቀምጣ ሻይ ታማስላለች። ቪዲዮው ቆመ። በፊቷ ዙሪያ ቀይ ክብ ተሰመረ።

«ይቺን እህታችንን እዩልኝ!» አለ የእዮኤል ድምፅ። «ሰው ፊቷ ላግባሽ እየተባባለ፣ እሷ ካሜራ ላይ አፍጣለች። ቆይ፣ ቆይ… ጭራሽ ሳቀችለት! ካሜራ አይታ አታውቅም እንዴ? ይሄን ማን አሳለፈው ጎበዝ?»

የብዙ ሰው ሳቅ ተጨመረበትና ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ታየ። ልጅቷ ቀና ትላለች፣ ታያለች፣ ከንፈሯን ልትገጥም ትሞክራለች፣ ያቅታታል፣ ትስቃለች። አራት ሰከንድ ቢሆን ነው።

ሙንተሲር ከት ብሎ ሳቀ። «ይቺን ደግሞ ከየት አመጧት?»

ከዲሮ ስልኩን ከሪሲቨሩ ላይ አንስቶ መለሰለት። ሙንተሲር ሱቁን የተከራየው ካቻምና ነው። የከዲሮን ሚስት፣ ፈይሩዛን፣ አያውቃትም። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

«ዝናቡ አባርቷል» አለው በመጨረሻ። «ሱቅህ ሰው ሳይመጣብህ አይቀርም።»

ልጅ አልወለዱም። ሃያ ሁለት ዓመት ሁለት ብቻቸውን ኖረው፣ ኩላሊቷ ታሞ በአምስት ወር ውስጥ ሄደች። ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር። የሠርጋቸው ዕለት የተነሱት አለ፤ እሱ ላይ እንደተቆጣ ሰው ፊቷን አኮሳትራለች። የመታወቂያዋ አለ። ስልኩ ውስጥ ያሉት በሕመሟ ጊዜ የተነሱ ናቸው፤ እነሱን አይከፍታቸውም። ስትስቅ የሚያሳይ ምንም ነገር አልነበረውም።

የዚያን ቀን ኬክ ቤት የመጣችው ለድራማ አልነበረም። ከተጋቡ ሰባት ወራቸው ነበር። ኮልፌ አንዲት ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ፣ ያላቸውን አንድ ቁልፍ እሱ ይዞት ወጣና ልትቀበለው መጣች። ከኋላ ከሚታዩት አጃቢዎች አንዷ ቀርታ ስለነበር ዳይሬክተሩ ፈይሩዛን በር ላይ አያት። «አንቺ፣ እዚያ ተቀመጪ፣ ሻይ አማስዪ፣ ሌላ ምንም አታድርጊ» አላት። የመብራት አለቃው ደግሞ ነጭ ሻሿ ያንጸባርቃል ብሎ አስወለቃት። እሷ ከዲሮን አየችው። ከዲሮ አለቃውን ፈርቶ ዝም አለ። ሻሹን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ከዚያ ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ከዲሮ ከካሜራው ሥር ተንበርክኮ፣ የተዋናይቷን ፊት እንዲያበራ አንድ ትልቅ ነጭ ፎም በሁለት እጁ ወጥሮ ይዟል። ዝንብ መጣችና አፍንጫው ላይ አረፈች። ፎሙን ቢያነቃንቅ ብርሃኑ ይናወጣል። እፍ ቢል ድምፅ ይገባል። አፍንጫውን ሸበሸበ፣ ከንፈሩን አጣመመ፣ ዓይኑን አጨናበሰ። ዝንቧ ወይ ፍንክች። ፈይሩዛ ያኔ ቀና ብላ አየችው።

እንደገና ይቀረጽ ተብሎ ነበር፤ መብራት ጠፋ። ኬክ ቤቱ ደግሞ የተፈቀደላቸው እስከ እኩለ ቀን ብቻ ስለነበር እንዳለ አለፈ። በቴሌቪዥን የታየ ዕለት አከራያቸው ቤት ሄደው አዩት። ፈይሩዛ ፊቷን ትከሻው ላይ ደብቃ፣ «አለፈ? አለፈ?» ትል ነበር። ከአሰላ ወረድ ብሎ ኢተያ ላሉት ቤተሰቦቿ ግን አልተናገሩም። አባቷ እንኳን ቴሌቪዥን ላይ፣ በር ላይም ሻሿን አውልቃ እንድትቆም የሚወዱ ሰው አልነበሩም።

ከመግሪብ በኋላ ከዲሮ ቤቱ ተቀምጦ ቪዲዮውን በራሱ ስልክ ፈልጎ አገኘው። ደጋግሞ አየው። ከዚያ ሰዎች ከሥሩ የጻፉትን አነበበ። «ለቢጫዋ ሹራብ ደመወዝ ይጨመርላት» ይላል አንዱ። «ካሜራማኑን ጠብሳው ነው» ይላል ሌላው። ብዙ ጊዜ ጽፎ አያውቅም፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ «ካሜራ አላየችም። ሰው ነው ያየችው» ብሎ ጻፈ። ወዲያው መልስ መጣለት። «ፋዘር፣ ካሜራው እርስዎ ነበሩ እንዴ?» ይላል፤ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረውበታል።

በማግስቱ ጠዋት ከቪዲዮው ሥር ለማስታወቂያ ተብሎ በተጻፈው ቁጥር ደወለ።

«እዮኤል ነህ?»

«አቤት፣ ነኝ። ማን ልበል?»

«ከዲሮ እባላለሁ፣ ከአሰላ ነው። የግቢ ቁጥር 17ቱን ቪዲዮህን አየሁት። ያቺ ቢጫ ሹራብ የለበሰችው፣ ካሜራ አየች ያልካት…» ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ። «ባለቤቴ ናት።»

«ውይ! ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ። እሳቸው አይተው ቅር አላቸው?»

«እሷማ አርፋለች። ሦስት ዓመቷ ነው።»

ልጁ አሁን ያ የቪዲዮው ሰው አልነበረም። «በእናቴ እልዎታለሁ፣ አላወቅሁም። ሰው መሆናቸውን… ማለቴ፣ እንዲህ ቤተሰብ ይኖራቸዋል ብዬ አላሰብኩም። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«አይ፣ ሳቁን ብቻ…» ሊል ጀምሮ ነበር ከዲሮ። እዮኤል አላስጨረሰውም፤ ይቅርታውን ደጋግሞ ዘጋ።

ከዲሮ ቀለል ብሎት ዋለ። ሁለት ሪሲቨር ጠገነ፣ ዙህር ሰገደ፣ ምሳውን በላ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሱቁ ጭር ሲል ስልኩን አወጣ። አንዴ ብቻ ሊያያት ነው። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ «ይህ ቪዲዮ አይገኝም» አለው።

ስልኩ የተበላሸ መሰለው። አጥፍቶ አበራው። ከሱቁ ወጥቶ ኔትወርክ ፍለጋ አስፋልቱ ዳር ቆመ፤ አንድ ባጃጅ ጭቃ ረጭታበት አለፈች። በመጨረሻ ሙንተሲር ጋ ገባ።

«ያ የትናንቱ ቪዲዮ አንተ ጋ አለ?»

«እስቲ… የለም፣ አጥፍቶታል። ምነው፣ ፈለጉት?»

«አውርደህ አስቀምጠኸው ይሆናል ብዬ ነው።»

«ይሄን ምን ብዬ አስቀምጠዋለሁ ጋሼ?»

እዮኤል ጋ ሲደውል ስልኩ ዝግ ነው። ማታም ዝግ ነው። በማግስቱም ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው። ከዲሮ ሥራ መሥራት አቃተው። የአንዱን ደንበኛ ዲሽ ሊያስተካክል ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ጭላሎ ተራራን የሸፈነው ጉም ወደ ከተማው ሲወርድ እያየ ሰውየው ከታች «ምስል መጣ! ኸረ መጣ!» ብሎ ሦስቴ እስኪጮኽ አልሰማውም። የሚያስበው ስለ አራቱ ሰከንድ ነው። መጀመሪያ ቀና አለች፣ ከዚያ አየችው። ስትስቅ ጉንጯ ላይ ስርጉድ ይላል፤ በግራ ነው በቀኝ? ሃያ ሁለት ዓመት ከፊቱ ተቀምጣ የበላች ሴት። ከትናንት ወዲያ ደጋግሞ አይቷታል። በግራ ነው በቀኝ? በገዛ እጁ ደውሎ ነው ያስጠፋት።

በሦስተኛው ቀን እዮኤል ራሱ ደወለ።

«ጋሼ፣ ገጠር ለቅሶ ሄጄ ስልክ አልነበረኝም። አሥራ አራት ጊዜ ደውለዋል። ተቀየሙኝ እንዴ? እኮ አጥፍቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ ከዲሮ። «እሱን ልልህ ነው። አንተ ጋ አለች ወይ?»

«ማን?»

«ፈይሩዛ። አራቷ ሰከንድ።»

ልጁ ገባው። «አለች ጋሼ» አለ ዝግ ብሎ። «አባቴ በየእሁዱ ከቴሌቪዥን በካሴት ይቀዳ ነበር፤ ከዚያ ነው የወሰድኩት። ክፍሉን እንዳለ እልክልዎታለሁ። ያለ ክብ፣ ያለ እኔ ወሬ።» አክሎም፣ «ልጠይቅዎት? ካሜራ ካላዩ ምን እያዩ ነበር?»

ከዲሮ ነገረው። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ፎሙ፣ ስለ ዝንቧ። ለማንም ነግሮ የማያውቀውን አንድ በአንድ ነገረው። ሲጨርስ እዮኤል እየሳቀ ነው እያለቀሰ ነው፣ በስልክ አይለይም።

«ጋሼ፣ ይሄንን ለሰው ልናገረው? ስህተት አልነበረም ብዬ?»

«ኢተያ እህት አለቻት» አለ ከዲሮ። «እሷን ሳልጠይቅ አልችልም።»

አይሻን ካያት ሁለት ዓመት አልፎታል። የፈይሩዛ ታላቅ ናት። ቀብሩ ዕለት ለቅሶ በተቀመጠው ሰው ፊት፣ «ቶሎ አዲስ አበባ ወስደሃት ቢሆን ትተርፍ ነበር» ብላዋለች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ኢድ ሄዶ ሦስተኛው ላይ ቀረ፤ እሷም ለምን ቀረህ አላለችውም።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወረደ። አይሻ ግቢዋ ውስጥ ሸራ ላይ የተሰጣ ስንዴ ታገላብጣለች። ዝናብ እንዳይቀድማት ቸኩላለች።

«አከም ጅርቱ፣ አዴ አይሻ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላት፣ ከበሩ ቆሞ።

ቀና ብላ አየችው። «ዛሬ ምን እግር ጣለህ?» አለችና፣ መልሱን ሳትጠብቅ፣ «በል ና፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ። ሊጥልብኝ ነው።»

ሸራውን በአራት ማዕዘን ይዘው ስንዴውን አስገቡ። ከዚያ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ከዲሮ እንዴት እንደሚጀምር ስላላወቀ ስልኩን ከፍቶ ሰጣት። ቦታውን ቀድሞ አዘጋጅቶት ነበር። አይሻ ስልኩን ከዓይኗ አርቃ፣ ከዚያ አቅርባ ያዘችው። ፈይሩዛ ቀና አለች። ሳቀች።

አይሻ ስልኩን መልሳ ዘረጋችለት። «መልሰው» አለች። መለሰው። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ አስመለሰችው።

«ይሄ ያ የደምመላሽ ድራማ አይደለም?»

«ነው።»

«እሁድ እሁድ ጎረቤት እነ ሀሰኖ ቤት ሄጄ አየው ነበር እኮ። አንድም ሳምንት አላመለጠኝም።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አይቻታለሁ ማለት ነው። እህቴን አይቼ ሳላውቃት ተነስቼ ቤቴ ገባሁ።»

ስልኩን መልሳ ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ሻሿስ?»

«መብራቱ ያንጸባርቅበታል ብለው አስወለቋት። እኔም እዚያው ነበርኩ። ዝም አልኩ።»

ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ። አይሻ እንደገና ስልኩን አየች። «አባባ ቢያዩ ኖሮ እሷን ሳይሆን አንተን ነበር የሚያንቁህ» አለችና ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ ከመጨረሻው ላይ ተበላሽቶ ወደ ለቅሶ ሄደ። ከዲሮ መሬት መሬት እያየ ጠበቃት።

«ማንን ነው እንዲህ የምታየው?» አለች ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

«እኔን።»

የዝንቧን ነገር ነገራት። አይሻ አፍንጫውን አየችው፣ ዝንቧ እስከ አሁን ያለች ይመስል። «ልጅ ሆነን ነው እንዲህ ስትስቅ የማውቃት» አለች። «ትልቅ ከሆነች በኋላ ሳቋን አንተ ወስደህብኛል።» ቆየት ብላም፣ «የዚያን ዕለት የተናገርኩትን፣ ሐዘን ነው ያናገረኝ» አለች።

«ልክ ነበሩ እኮ አዴ። ዘግይቻለሁ።»

«ልክ ብሆንስ፣ በሰው ፊት ይባላል?» አለች አይሻ።

የእዮኤልን ጥያቄ ሲያነሳላት ግን ወዲያው ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም። እስከ ዛሬ ሳቁባት። አሁን ደግሞ ያለቅሱባት? ሰው የሚያደርገው ነገር አጥቷል እንዴ? ይተዋት። እኛ እንያት።»

እዮኤል ሲነገረው አልተከራከረም። ከሳምንት በኋላ ቪዲዮውን አስተካክሎ መልሶ አወጣው፤ ፈይሩዛን አውጥቶ ቁጥሮቹን ግን አላስተካከለም። ከአስራ ስምንተኛው ስህተት ቀጥሎ ሃያኛው ይመጣል። ሰዎች ከሥሩ ተረባረቡበት። «የሰው ስህተት ስትለቅም የራስህን ዘለልክ» ይላሉ። እዮኤል ለአንዳቸውም አልመለሰም። ከዲሮ እነሱን እያነበበ፣ ያንን ልጅ አንድ ቀን ቢያገኘው ብሎ ተመኘ። ደውሎ ግን አልነገረውም።

አይሻ ያላት ቁልፍ የሚጫን ትንሽ ስልክ ነው፤ ቪዲዮ አይከፍትም። ስለዚህ ከዲሮ በየአሥራ አምስት ቀኑ ስልኩን ይዞ ይወርዳል። በሦስተኛው ጊዜ ስልኩን ሳያወጣ ዋለ፤ አይሻም አልጠየቀችውም። ስለ ጉልበቷ ሕመምና ዘንድሮ ስንዴውን ስለመታው ዋግ ሲያወሩ መሸ። ሊነሳ ሲል በላስቲክ ዕቃ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ሞልታ ሰጠችው።

«ብቻህን እንዳትበላው» አለችው።

በሚኒባሱ ዕቃውን ጭኑ ላይ ይዞ ሲመጣ ይህንኑ ሲያስብ ነበር። ከማን ጋር ነው የሚበላው? የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ በሐሳቡ ቆጠረ። ቤቱ ገብቶ መብራቱን አበራ፣ ጭኮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሳይነካው ተኛ።

ጠዋት ይዞት ሱቅ ሄደ። ሙንተሲር በብርዱ ተኮራምቶ የሱቁን መዝጊያ እየከፈተ ነበር። ከዲሮ ዕቃውን ከፍቶ ዘረጋለት። ልጁ ሳያቅማማ አንድ ጉርሻ ቆርሶ አፉ ውስጥ ጨመረ።

«ወላሂ፣ ይሄ የቤት ነው! ማን ሠራልዎት?»

«የባለቤቴ እህት። ኢተያ ናት።»

ሙንተሲር ማኘኩን ተወ። «ባለቤት አለዎት እንዴ ጋሼ? ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ አንድም ቀን አላነሱልኝም።»

«ነበረችኝ። ፈይሩዛ ትባል ነበር።»

«አላህ ይዘንላት» አለ ሙንተሲር። ጣቱን ጠርጎ ገባና ሁለት በርጩማ ይዞ ወጣ፤ አንዱን ለከዲሮ አስቀመጠለት። ከዲሮ ተቀመጠ። ስለ እሷ ምን ብሎ እንደሚጀምር ግን ገና አላወቀም።